ማስተካከያ፦ አሉሚኒየም ብረት ይበላል

ባለፈው አቃቂ ዳር አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት ስለሚሠሩ ልጆች ስጽፍ፣ «አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ብረት ግን 1500 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የብረት ሞልዱን (ፈሳሹ የሚገለበጥበትን ቅርጽ ማውጫ) አይነካውም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ድምዳሜዬ ነው ገደል የገባው። ብረት ሳይቀልጥም በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ይሟሟል። ስኳርም እኮ ሻይ ውስጥ የሚሟሟው ቀልጦ አይደለም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ቶሎ ይበላል፤ በተለይ ፈሳሹ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ይጎደጉዳል።

ሞልዱን «የተቃጠለ ዘይት ቀቡት» ያልኩትንም ሰርዙልኝ። ዘይቱ ወዲያው ይነድዳል፤ ጭሱም ድስቱን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። የሚያዋጣው ብረቱንና አሉሚኒየሙን የሚለያይ ሽፋን ነው፦ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) ወይም ቦሮን ናይትራይድ (ሙቀት የሚችል ነጭ ዱቄት)። ሞልዱን አሙቆ መቀባት፣ ሲላጥ መድገም። አሉሚኒየሙን ከመገልበጥ በፊት ደግሞ ሞልዱ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለው ፈሳሹ ፈንድቶ ፊት ላይ ይረጫል።