እርማት፦ ከሙዝ ዲኤንኤ ማውጣት ፍጥረት መቀየር አይደለም

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ጅማ አንድ ወሬ ደጋግሞ ይነሳል። ልጆች ቤት ውስጥ ከሙዝ ዲኤንኤ (በሴል ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ) ካወጡ ቫይረስ ወይም አዲስ ፍጥረት ሊሠሩ ይችላሉ ይባላል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ማውጣትና መቀየር ይለያያሉ። ፍጥረትን ለመቀየር፣ የተዘጋጀ ዘረመል ወደ ሕያው ሴል መግባት አለበት። ዲኤንኤ ስናወጣ ግን የሙዙ ሴል በምንጨምረው ሳሙና ይፈርሳል። የሚቀረው ነጭ ክር፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ አይራባም፣ ሰውም አይዝም። ሙዝ በበላን ቁጥር ዲኤንኤውን አብረን እንውጠዋለን እኮ!

ሞክራችሁ እዩት። ግማሽ ሙዝ በውሃ፣ በትንሽ ጨውና በላርጎ (ፈሳሽ ሳሙና) ጨፍልቁ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። በደንብ የቀዘቀዘ የፋርማሲ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። አረቄ አይሆንም፣ ውሃው ይበዛል። ከደቂቃዎች በኋላ ነጩ ክር ብቅ ይላል። አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላልና ከእሳት አርቁት።

ባክቴሪያን መቀየር የሚማሩ አማተሮች በእርግጥ አሉ። በኒውዮርክ ብሩክሊን በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጄንስፔስ የተባለ የአማተሮች የባዮሎጂ ማዕከል ለዚህ የሚሆን ቤተ ሙከራ አለው፤ የደህንነት ደንብም አለው። የጓዳው ሙዝ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጎረቤቴ በዚህ ወሬ ፈርታ ልጇን ከሳይንስ ክበብ አስቀርታለች። ይህን የጻፍኩት ልጅቷ ተመልሳ እንድትገባ ነው።