ቤት ሸጣችሁ ስፖንሰር ለምትገዙ ወገኖቼ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው መሄድን ልከለክል አይደለም። ወሎ ልጆቿን ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ስትሸኝ የኖረች አገር ናት፤ በተላከለት ገንዘብ ቤት የሠራውና ታናናሾቹን ያስተማረው ብዙ ነው። የምገሥጻችሁ የእንግሊዝን የባለሙያ ቪዛ እንደ ሸቀጥ ከደላላ ጋር ዋጋ ተስማምታችሁ ስለምትገዙትና ለዚያም የአባት ቤት ስለምትሸጡ ነው። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው እንኳ ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን አይፈታም።

የዚህ ቪዛ መሠረቱ አሠሪው ነው። ከእንግሊዝ መንግሥት ፈቃድ ያገኘ ድርጅት ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሥራና ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሰው የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ያወጣል፤ ማረጋገጫውም በኮምፒውተር የተመዘገበ መለያ ቁጥር እንጂ ደላላው በስልኩ እያሳየ የሚያስጎመጃችሁ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይደለም። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በዚያው መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ሊያየው የሚችለውን ነገር ለማያውቀው ሰው ከፍሎ የሚጠይቅ ምሩቅ ማየት ያሳፍራል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለሚወጣ ማረጋገጫ ደግሞ አሠሪው ወጪውን ወደ ሠራተኛው እንዳያዞር ተከልክሏል። ስለዚህ «የስፖንሰር» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ሁሉ ወይ ሕገ ወጥ ነው ወይ የሌለ ነገር ዋጋ ነው።

እውነተኛው ወጪ ራሱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በወጣው ታሪፍ ከውጭ አገር ለሚያመለክት ሰው የማመልከቻው ክፍያ እስከ 3 ዓመት ለሚቆይ ቪዛ 769 ፓውንድ፣ ከዚያ ለሚበልጥ 1,519 ፓውንድ ነበር። ለጤና አገልግሎት ደግሞ አንድ አዋቂ በየዓመቱ 1,035 ፓውንድ ይታሰብበታል፤ የሚከፈለውም በቅድሚያ፣ የሁሉም ዓመት ባንድ ላይ ነው። ለ3 ዓመት ብቻ የሚሄድ ሰው እንግዲህ በዚያ ታሪፍ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቆርጥ 3,874 ፓውንድ ያወጣ ነበር፤ የትዳር ጓደኛውን ከጨመረ እጥፍ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፈተናና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አለ፤ አሠሪው ዋስ ካልሆነለትም 1,270 ፓውንድ በባንክ ሒሳቡ ለ28 ቀን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ቪዛው ቢከለከል የጤናው ክፍያ ይመለሳል፣ የማመልከቻው ግን አይመለስም። ለደላላ የሰጣችሁትንማ ማን ይመልሰዋል?

ደላላው «ኬር አለ፣ መጋዘን አለ» ሲላችሁም አትመኑት። «ኬር» የሚሉት የአረጋውያን እንክብካቤን ነው፤ ለዚህ ሥራ ተንከባካቢዎችን ከውጭ አገር መቅጠር ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቷል። በዚያው ቀን ለአዲስ አመልካች የሥራው ደረጃ በጥቅሉ ወደ ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝም በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ለነርሶች የደመወዙ መለኪያ የተለየ ነው፣ የጤና ክፍያውም አይጠየቁም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የጤና ባለሙያ እጥረት ከበረታባቸው አገሮች ተርታ ስላስቀመጣት፣ የእንግሊዝ የቅጥር ሥነ ምግባር ደንብ ቀጣሪዎችና አገናኞች እዚህ መጥተው ነርስ እንዳይመለምሉ ይከለክላል። ነርሷ በራሷ ብታመለክት አይከለክላትም። በደሴ የሠለጠነችን ልጅ «ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ እየመለመልኩ ነው» የሚላት ሰው እንግዲህ ወይ ደንቡን ጥሷል ወይ ዋሽቷታል።

ወላጆችም ከተግሣጹ አታመልጡም። የጎረቤት ልጅ ስለሄደ ብቻ ሥራ ያለውን ልጃችሁን «አንተስ መቼ ነው?» እያላችሁ ወደ ደላላው የገፋችሁት እናንተ ናችሁ። የቤቱን ካርታ ከማስያዛችሁ በፊት የአሠሪው ስም ማን እንደሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ልጁን በቀጥታ ያነጋገረው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ደርሶ ሥራው ቢቋረጥበት አዲስ ስፖንሰር እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ብቻ መሆኑንም እወቁ፤ የእናንተ ዕዳ ግን በ60 ቀን አያልቅም።

በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የያዛችሁ ደግሞ፣ ሠርቶ ለማያውቅ ልጅ የሥራ ልምድ ስትጽፉ የረዳችሁት ይመስላችኋል። ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቦ የተያዘ አመልካች ቪዛውን መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ እስከ 10 ዓመት ድረስ ማመልከቻው ውድቅ ሊደረግበት ይችላል። የሠራውን ግን አታጉላሉት፤ የገባበትንና የለቀቀበትን ቀን፣ የሥራ መደቡንና ደመወዙን በትክክል ጽፋችሁ በዕለቱ ስጡት።