ቀሚሶቹ ሲያልቁ

ትናንት ማታ ታላቅ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን፣ ጅዳ ላይ የሚካሄደውን የቀይ ባሕር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ በቴሌቪዥን ስናይ አመሸን። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ሲተካ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ያልነቀለችው እህቴ፣ የዳኞቹና የፊልሞቹ ስም መጠራት ሲጀምር ጣቢያውን ቀየረችው። «እትዬ፣ ገና መጀመሩ እኮ ነው» ብላት «ምን ይጀመራል፣ አለቀ እኮ!» አለችኝ።

«እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል» የሚለውን ተረት አብዝቼ እወደዋለሁ፤ ለቀይ ምንጣፍ ሳይሆን አይቀርም የተተረተው። ጅዳ ግን ገለበጠችው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሲኒማ ቤቶቿን ዘግታ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2018 ከከፈተች በኋላ፣ በ2021 ዓለምን ጠርታ ፌስቲቫል ደገሰች፤ «ደብቁኝ»ን አስቀድማ «እዩኝ»ን አስከተለች ማለት ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ጅዳ ማለት የጎረቤታችን ልጅ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ምንጣፍ ስትጠርግ የኖረችባት ከተማ ናት። ልጅቷ ስትመለስ ምን እንዳመጣች እንጂ ምን እንዳየች የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እህቴም አልጠየቀቻትም፣ እኔም ብሆን።

የእኔ ቂም ግን ከጅዳ ሳይሆን ከቱኒስ ይጀምራል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የካርቴጅ ፌስቲቫል የዓረቡንና የአፍሪካን ፊልም ጎን ለጎን ሲያወዳድር የኖረ፣ የመጀመሪያውን የወርቅ ታኒት ለሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን የሸለመ አንጋፋ መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸው ሽልማት ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» መሰጠቱን ስሰማ፣ የምሥራች ነጋሪ ሆኜ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ገንዘቡ ስንት ነው?» አለኝ። ሌላው «ታኒት ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ተስፋ አድርጌ፣ የጥንቷ ካርቴጅ አምላክ መሆኗን፣ ካርቴጅም ዛሬ የቱኒስ ዳርቻ መሆኗን፣ ከሐኒባል ጀምሬ ማስረዳት ስጀምር ምሳ ሰዓት ደረሰ ብለው ጥለውኝ ተነሡ። የሚያናድደኝ አለማወቃቸው አይደለም፤ በማግስቱ ስለ አንዲት ተዋናይት ጫማ ከጠዋት እስከ ማታ መከራከራቸው ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ዘርዝሬ ሳበቃ፣ ሦስተኛውን ስኒ እየቀዳች በጥሞና ስታዳምጠኝ ስለነበር ነገሩ የገባት መስሎኝ ነበር።

«ለመሆኑ ኃይሌ ያን ጊዜ ምን ለብሶ ነበር?» አለችኝ።