ዱካ አይለጠፍም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ አንድ የቱሪዝም ውይይት አንድ ተናጋሪ አዳኞችንና ደን የሚያውቁ ሰዎችን ወቅሰዋል። የወቀሳው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጫካ ገብቶ ያየውን በፌስቡክና በቲክቶክ የማያጋራ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ሁሉም ያየውን ከነቦታው ቢለጥፍ ጎብኚ ይመጣል፣ አውሬውም ይጠበቃል። አዳራሹ አጨበጨበ አሉ። ካጨበጨቡት ውስጥ ስንቱ ወፍ ዋሻ ደን ጠርዝ ላይ ጎህ እስኪቀድ ውርጭ ላይ ተቀምጦ እንደሚያውቅ ብሰማ ደስ ባለኝ።

“የሚደብቀው አለው” ከሚለው ልነሳ፤ ከሁሉም የቀለለው እሱ ነውና። በሕጋዊ አደን ሰው ብቻውን አይወጣም። ፈቃድ ያለው አዳኝ መሪ አብሮት አለ፣ ከመንግሥት የተመደበ ተቆጣጣሪ አለ፤ የሚታደነው አውሬ ዓይነትና ቁጥርም ገና ሳይወጣ ፈቃዱ ላይ ሰፍሯል። ሪፖርቱ የሚሄደው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንጂ ለቲክቶክ አይደለም። ያለ ፈቃድ የሚያድነውንማ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ወንጀለኛ ብሎታል፤ እሱን “እባክህ ፖስት አድርግ” ብሎ በስብሰባ መለመን ሌባን ደረሰኝ እንደመጠየቅ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሞኝ የገደለውን ታቅፎ ፎቶ ይነሳና በገዛ እጁ ማስረጃ ያቀርባል፤ ይኼን አልክድም። የጥበቃ ስልታችን የሞኞችን ቁጥር ተስፋ ያደረገ ከሆነ ግን በቁማችን አልቀናል።

ደግሞስ የሸዋ አዳኝ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? ዘራፍ ብሎ የሚገባ፣ ራሱን ቅቤ የሚቀባ፣ አንበሳ የጣለ እንደሆነ ጎፈር የሚደፋ ሰው ነው። ፉከራውን ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምን እንደጣለ ይናገራል፣ በምን መሣሪያ እንደጣለ ይናገራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፤ የትኛው ምንጭ ላይ አድፍጦ እንደጠበቀ ግን ትንፍሽ አይልም። የሚፎክረውም አብሮት የወጣ ምስክር ባለበት ነው፤ የዋሸ እንደሆነ እዚያው ይዋረዳል። የዛሬው ፖስት ይኼን ገልብጦታል። ድካሙ የለበትም፣ ምስክር የለበትም፤ ቦታው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቦታ ቦታ የምለው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ድኩላ ይበቃል። በደጋው ደን ያለው፣ ወንዱ ጠቆር የሚለው፣ በምኒልክ ስም የሚጠራው ድኩላ ብቸኛ ኗሪ ነው። እንደ ጭላዳ በመንጋ አይሰማራም፤ የሚንቀሳቀስበትም ክልል ጠባብ ነው። ቀን ጥሻ ውስጥ ይውልና ማለዳና ማምሻ ላይ ወደ ደኑ ጠርዝ ይወጣል፤ መውጫ መግቢያውን ደግሞ ይደጋግመዋል። ዛሬ የታየው ድኩላ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ነው፣ ከሁለት ወር በኋላም እዚያው ነው። “የቆየ ፎቶ ነው፣ ምን ጉዳት አለው?” የሚሉ አሉ። ለሠርግ ፎቶ እውነት ነው፤ የድኩላ ፎቶ ግን አያረጅም። ለወጥመደኛ ደግሞ አውሬውን ማየት እንኳ አያስፈልገውም፤ መተላለፊያውን ካወቀ በቂው ነው። ጠመንጃ ይጮኻል፣ ጥይትም ውድ ነው። ሽቦ ግን ዝም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። አዳኝ ቃታ ከመሳቡ በፊት ቀንድ ይፈልጋል፤ ሴቷ ድኩላ ቀንድ ስለሌላት ትታለፋለች፣ ግልገሏንም ታሳድጋለች። ሽቦ ቀንድ አይቶ አያውቅም። እርጉዟንም፣ የምታጠባውንም፣ ጠፍታ የገባችውን የገበሬ ፍየልም እኩል ያንቃል። እንግዲህ የዚያችን ቀጭን መተላለፊያ ፎቶ ለአሥር ሺህ ሰው ማሳየት “ግንዛቤ ማስጨበጥ” ከተባለ፣ ግንዛቤውን በደንብ የሚጨብጠው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

“ቦታውን አልጻፍኩም” የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። አንተ አልጻፍክም፤ ስልክህ ጽፎታል። የካሜራው የቦታ ምዝገባ ክፍት ከሆነ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ፎቶው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ፌስቡክ ለሕዝብ ከሚያሳየው ፎቶ ላይ ይኼን ይሰርዘዋል፤ ቴሌግራምም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ እንዲሁ። ነገር የሚበላሸው “ጥራቱ እንዳይቀንስ” ተብሎ በቴሌግራም እንደ ፋይል፣ በዋትስአፕ እንደ ዶክመንት ሲላክ ነው። ያኔ ፎቶው ከነሆድ ዕቃው ይሄዳል፤ የተቀበለው ሰው ነጥቧን ካርታ ላይ አውጥቶ ያያል፣ ለሌላም ያስተላልፋል። የካሜራውን ሴቲንግ ከፍቶ የቦታ ምዝገባውን ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀድሞ የተነሳውን ደግሞ ስክሪንሾት አድርጎ ዋናውን ትቶ እሱን መላክ ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ሴቲንግ አይዘጋውም፤ ከአውሬው ጀርባ ያለው ገደልና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር ነውና። የጣርማ በር ገደል ለአዲስ አበባ ሰው “ዋው” ነው፤ ለደብረ ሲና እረኛ ግን የቤት ቁጥር ነው። ጥላው ሰዓቱን ይናገራል። ጅብራና አስታ ከታዩ ከፍታው ታወቀ፤ ጽድና ዝግባ ከታዩም እንደዚያው። በአንድ ማለዳ ከሁለት አቅጣጫ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ከተለጠፉማ አገሩን ለሚያውቅ ሰው መሪ አያስፈልገውም። ሰማዩን ቆርጦ የአውሬውን ገጽ ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ ግን ማን ይቆርጣል? ላይክ የሚያመጣው ገደሉ ነው።

የርቀት ነገርም አለ። የስልክ ዋና ካሜራ እይታው ሰፊ ስለሆነ በ50 ሜትር ላይ የቆመ ድኩላ ከፎቶው ስፋት ሃምሳኛውን ያህል ቢይዝ ነው። ነጥብ ማለት ነው፤ ነጥብ ደግሞ ማንም አያጋራም። ስለዚህ ባለስልኩ ይጠጋል፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይጠይቅ ይጠጋል። አዳኝ አመድ ወይም አፈር በትኖ ነፋሱን ያያል፤ ከጀርባው ከነፈሰ ዞሮ ይመጣል፣ ዞሮም ካልሆነለት ትቶት ይመለሳል። ምንም አልተኮስኩም ብሎ የሚኮራው ባለካሜራ ማለዳዋን ሁሉ አውሬ ሲያባርር ውሎ ቤቱ የሚገባው “ተፈጥሮን አድናቂ” ሆኖ ነው።

መንዝ ጓሳ በሚባለው ሣራማ ደጋ ላይ ይኼው ጥፋት ይብሳል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም በግምት 500 ያህል ነው። የምትወልደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ አገሩ ሲያምርና ጎብኚ ሲበዛ ማለት ነው። ሰው ጎሬው ላይ ከተመላለሰ ግልገሎቿን በአፏ እያነሳች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በዚያ የሌሊት ብርድ። ፖስቱን አይቶ የሚመጣው ሰው ውሻ አስከትሎ ከመጣማ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ስንት ቀይ ቀበሮ እንደፈጀ ማስታወስ ነው። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ዘግተው ሲከፍቱም በአዋጅ ይከፍቱ ነበር። ማን፣ መቼ፣ የት ይገባል የሚለውን ነገር እንደ ሣሩ ይጠብቁት ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ እኛ ደግሞ ዛሬ ለጎሬው ሎኬሽን እንላክ እንባላለን።

አዳኞች እርስ በርስ አይከራከሩም ማለቴ አይደለም። የግዳይ ፎቶ ጭራሽ አይውጣ የሚል አለ፤ በሥርዓት ከተነሳ ምንም አይደለም የሚልም አለ። ሥርዓቱም የታወቀ ነው፦ ደሙ ይጠረጋል፣ ምላሱ ወደ አፉ ይመለሳል፣ ከላዩ አይቀመጡበትም፣ መሣሪያው ተከፍቶ ባዶነቱ ይታያል፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። የሞተ አውሬ ፎቶ ዓይን ያስቀይም እንደሆነ እንጂ የሞተውን ደግሞ አይገድለውም። የሚያስፈራኝ የሕያው ፎቶ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች አንድ ናቸው፦ ከወቅቱ በፊት አይወጣም፣ ከዞኑ ስም በታች አይጠቀስም፣ ምንጭና መተላለፊያ አይታይም።

ጎብኚስ ይቅር ወይ? አይቅር። መንገድ ዳር የተቀመጠውን ጭላዳ ማንም ያውቀዋል፤ ይለጠፍ፣ ይጋራ፣ ብስኩት ብቻ አይወርወርለት፤ ሣር በል ነው። የተረፈውን ግን በአንድ ሰሞን የሆቴል አልጋ መለወጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

የተናጋሪውን ገጽ ገብቼ አየሁት። የቅርቡ ፎቶ ደን ጠርዝ ላይ የቆመ ወንድ ድኩላ ነው፣ ከጀርባው ገደሉ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከሥሩ የመጀመሪያው አስተያየት “ቦታው የት ነው?” ይላል። እሳቸውም ሳይውል ሳያድር መልሰዋል፣ ከነቀበሌው።