ትልቅ ጎማ ጉልበት አይጨምርም

ወንድሜ፣ «ትልቅ ጎማ ከገባለት መኪናው የዓባይን አቀበት እስከ ደጀን በጉልበት ይወጣል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ትልቅ ጎማ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል፤ ለድንጋያማ መንገድ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዴ ሲዞር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ሞተሩ ይከብደዋል። በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን በአንደኛ ትወጣዋለህ፤ ፍሪሲዮኑም ይጎዳል።

መፍትሔው የዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ጥርስ መቀየር ነው። ጥርሱ ቁጥር አለው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ከማርሹ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል። የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ጎማ ቁመት አባዛና ለድሮው ጎማ ቁመት አካፍል። 4.10 ይዘህ ከ29 ኢንች ወደ 33 ከሄድክ 4.67 ገደማ ይመጣል። ለመኪናህ 4.56 እና 4.88 ካገኘህ፣ ለጎጃም አቀበት እኔ 4.88ን እመርጣለሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቱም ይጨምራል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ካለው ግን አደራ፣ ሁለቱንም እኩል ቀይር።