ዘውዱን የጫነው ወረደ፣ የተነጠቀው ወጣ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ሲንጋፖር ላይ የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ ዶማራጁ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን 7.5 ለ6.5 አሸንፎ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ወር ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ያወጣው የሬቲንግ (የተጫዋቾች የችሎታ ነጥብ) ዝርዝር ግን ብዙዎችን ግራ አጋባ። ዘውዱን የጫነው ጉኬሽ ከ2783 ወደ 2777 ወርዷል፤ ዘውዱን የተነጠቀው ዲንግ ከ2728 ወደ 2734 ወጥቷል።

ስህተት አልነበረም። ሬቲንግ የሚጠይቀው ማን አሸነፈ ብሎ ሳይሆን ከተጠበቀው ምን ያህል በለጠ ብሎ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው የ55 ነጥብ ልዩነት ጉኬሽ ከ14ቱ ጨዋታዎች ከ8 በላይ ውጤት እንዲሰበስብ ይጠብቅበት ነበር። 7.5 አመጣና ተቀነሰበት።

ይህን የማነሣው ቁጥሩ በወረደ ቁጥር «ደነዝኩ፣ አረጀሁ» የሚል ተጫዋች ስለ በዛብኝ ነው። የሬቲንጉን ቀመር የሠሩት ትውልደ ሀንጋሪ አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ እንኳ ይህን ያህል አላመኑበትም። የአንድን ሰው ሬቲንግ መለካት፣ በሚናወጥ ውኃ ላይ ከፍ ዝቅ የሚልን ቡሽ፣ ነፋስ በሚያወዛውዘው ገመድ ላይ በታሰረ መለኪያ እንደ መለካት ነው ብለው ነበር። እኛ ግን እንደ ደም ግፊት ውጤት በየወሩ እየከፈትን እንደነግጥበታለን።

ውኃው በእርግጥም ይናወጣል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የውድድር አዳራሾች ሲዘጉ ልጆች በኢንተርኔት ሌት ተቀን ተጫወቱ። አዳራሾቹ ሲከፈቱ ችሎታቸው ሌላ፣ ቁጥራቸው የድሮው ነበር። 1900 ያለው ጎልማሳ 1500 በተጻፈለት ልጅ ሲሸነፍ 18 ነጥብ ያህል ያጣል፤ ወጣቶች በእጥፍ ስለሚሰላላቸው ልጁ ወደ 37 ያገኛል። እንዲያም ሆኖ ልጁ እውነተኛ ቦታው እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ግብር ያስከፍላል። የጎልማሳው ጭንቅላት ካለፈው ሳምንት በምንም አልተለየም።

መለኪያውም ይወዛወዛል። የታችኛው እርከን እየሰመጠ መሄዱን ያየው ፊዴ በማርች 2024 ከ2000 በታች ያሉትን ሁሉ ከፍ አደረገ፤ 1500 የነበረው በአንድ ሌሊት 1700 ሆነ። በዚያ ሌሊት ማንም አዲስ የጨዋታ መክፈቻ አላጠናም። የውኃው ስፋት፣ ማለትም ቁጥሩ ከእነማን ጋር በመጫወት እንደተገኘ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው፦ ክላውድ ብለድጉድ የተባለ አሜሪካዊ እስረኛ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአብዛኛው ከታሳሪ ባልንጀሮቹ ጋር ሲጫወት ኖሮ በ1990ዎቹ በአገሩ ዝርዝር ከ2700 በላይ ደርሷል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን የወረደው ሳይሆን እንዳይወርድበት ሰሌዳ የማይነካው ነው። ቁጥሩን በብርጭቆ ሳጥን ቆልፎ ያስቀምጣል፣ ለእንግዳ ያሳያል፣ አይጫወትም። ኖርዌያዊው ማግኑስ ካርልሰን በ2014 በታሪክ ከፍተኛ የሆነውን 2882 ሲደርስ፣ 2740 ካለው ተጫዋች ጋር አቻ መውጣት ብቻ ሁለት ነጥብ ያህል ያስከፍለው ነበር፤ እርሱ ግን መጫወቱን አልተወም።

ቡሹ ራሱ የሚሰምጥበት ጊዜ የለም አልልም። ዲንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሬቲንጉ 2816 ነበር። በ2023 ዘውዱን ካገኘ በኋላ ስለ ጭንቀቱ በአደባባይ ተናገረ፣ በውድድር ላይ እምብዛም የማይታይ ሰው ሆነ፣ ቁጥሩም አብሮት ወረደ። ያ መውረድ እውነት ነበር። ሆኖም ሲንጋፖር ላይ እስከ መጨረሻው ጨዋታ እኩል ተናንቆ፣ አቻ ሊያልቅ በተቃረበ ቦታ በ55ኛው እንቅስቃሴ ተሳሳተ። በሬቲንግ ሒሳብ በአቻና በሽንፈት መካከል ያለው ልዩነት ለእርሱ 5 ነጥብ ብቻ ነው። የዓለም ዘውድ የሄደው በእነዚያ 5 ነጥቦች ነው።