ማስተካከያ፦ ፀረ ተባይ የእንሰት አጠውልግን አያቆምም

በሰበታ ዙሪያ ጓሯቸው እንሰት ያላቸው ሰዎች ሰሞኑን የሚቀባበሉት መልእክት አለ። «አጠውልግን የሚያመጡት ዝንብና ንብ ናቸው፤ ፀረ ተባይ ርጩበት» ይላል። ነፍሳት በሽታውን ማዛመታቸው እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ተክሉን አያድንም።

የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ ነው። አገራችን ውስጥ እንሰት ላይ በ1968፣ ሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ነፍሳቱ በተለይ የሚጎዱት ሙዝን ነው። ከዘለላው ጫፍ የሚንጠለጠለው ወንዴ አበባ ሲረግፍ ትኩስ ቁስል ይተዋል። ከታመመ ሙዝ የመጣች ንብ እዚያ ስታርፍ ባክቴሪያው ይገባል። መፍትሔው ወንዴ አበባውን በቢላ ሳይሆን በባላ እንጨት ጠምዝዞ መስበር ነው።

እንሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ አበባው ሳይፈነዳ ስለሚቆረጥ ዋናው አስተላላፊ ቢላችን ነው። መሃል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ አገዳውን ቆርጣችሁ እዩት። ቢጫማ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያዣል። ያ ፈሳሽ ስለቱ ላይ ቀርቶ ጤነኛውን ከነካ አለቀ፣ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ፣ እባካችሁ ቢላውን በእሳት አግሉት ወይም በበረኪና አጽዱት። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ከብት እንዳያኝከው። አንዴ የተያዘን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ፀረ ተባዩ ግንዱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይነካም፤ የጎረቤትን ንብ ግን ይፈጃል።